ደብተሩ የት ደረሰ? አሰላ፣ ፖርትፎሊዮ እና የአንድ ቀን ፈተና

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ እጁ ከቀኙ ይለያል። ጠበቅ ብሎ ወደ ደረቱ ይታጠፋል። ምክንያቱን ራሱ ለጋዜጠኞች ደጋግሞ ተናግሮታል። አሰላ አጠገብ ካለው የገበሬ ቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሲመላለስ ደብተሩን የሚይዘው በዚያ እጁ ነበር። ታሪኩ ብዙ ስለተወራ ዛሬ እንደ ተረት እናውቀዋለን። አንድ ነገር ግን ጠይቀን አናውቅም። ለመሆኑ ደብተሩ ውስጥ ምን ነበር? የትስ ደረሰ?

ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ቁም ነገር አለው። ስለ ኃይሌ እግር ሁሉም ነገር ተመዝግቧል። የ1988ቱ አትላንታ፣ የ1993ቱ ሲድኒ፣ መስከረም 2001 በርሊን ላይ ማራቶንን የጨረሰበት 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ... ሁሉም አለ። (ዘመኑን እ.ኤ.አ. ካላልን በስተቀር በራሳችን አቆጣጠር ነው የምንጽፈው።) የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ የሮጠችው፣ የበቆጂው ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ብራስልስ ላይ አሥር ሺህ ሜትሩን የጨረሰበት 26 ደቂቃ ከ17.53 ሴኮንድም እንደዚሁ። የአንድ ሯጭ ማስረጃ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓትና ተፎካካሪ አለው። የተሸነፈበት ቀንም አብሮ ተጽፏል። ማንም ሰው ከመጀመሪያው ውድድር እስከ መጨረሻው ተከትሎ እንዴት እንዳደገ ማየት ይችላል።

ከዚያው ደጋ፣ ከዚያው አፈር የወጣችና ሩጫን ሳይሆን ትምህርትን የመረጠች ልጅስ? የእሷ ማስረጃ አንድ ቁጥር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ አንድ ቁጥር፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራትና አምስት ዓመት ተምራ ሌላ አንድ ቁጥር። ደብተሮቿ ለሱቅ መጠቅለያ ሆነዋል፣ አሳይመንቶቿ መምህሩ ቢሮ ጥግ አቧራ ጠጥተው ተቃጥለዋል፣ የመመረቂያ ሥራዋ በሲዲ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል (ሲዲ የሚያጫውት ኮምፒውተር ዛሬ ከተገኘ ማለት ነው)። በእጇ የቀረው ቴምፖ የምንላት አንዲት ወረቀት ናት።

ዓለም ለዚህ ችግር ካበጃቸው መላዎች አንዱ ፖርትፎሊዮ ይባላል። ተማሪው በትምህርት ዘመኑ የሠራውን ሥራ እየመረጠ፣ ቀን እየጻፈበት፣ «ይህን ስሠራ ምን ተማርኩ?» የሚል ማስታወሻ እያያያዘ የሚያጠራቅምበት ዘዴ ነው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ኤሌክትሮኒክ ፖርትፎሊዮ ይባላል። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ የሚመስለው ካለ ወደ ኋላ እንመልሰው።

ወረቀት ሳይመጣ

ዘመናዊው ትምህርት ቤት አርሲ ሳይደርስም ትምህርት ነበር። ደረሳው ከሼህ ወደ ሼህ እየዞረ፣ አንዱን ኪታብ ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ እየቀራ ይጨርሳል። ሲጨርስ የሚያገኘው ፈቃድ ኢጃዛ ይባላል። ኢጃዛ ነጥብ አይደለም። «ይህ ሰው ይህን ኪታብ ከእኔ ዘንድ ቀርቷል፣ እኔም ከእገሌ ቀርቻለሁ» የሚል የምስክርነት ሰንሰለት ነው። ምን እንደተማርክ ብቻ ሳይሆን ከማን እንደተማርክም ይናገራል።

በቤተ ክርስቲያኑ ወገንም የቅኔ ተማሪ የዓመቱን መጨረሻ አይጠብቅም። በየዕለቱ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ጓደኞቹ ይሰሙታል። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ ረጃጅሞቹ ቅኔዎች ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በአንድ ቀን ዕድል የሚያልፍ፣ በአንድ ቀን ሕመም የሚወድቅ የለም። መምህሩ የተማሪውን እድገት በጭንቅላቱ ይዞታል። ያ ጭንቅላት በእኛ ቋንቋ ሰርቨር ነበር ብንል አናጋንንም።

ችግሩ ግን ግልጽ ነው። ሼሁ ወይም የኔታ ሲሞቱ መዝገቡም አብሮ ይሞታል። ምስክርነቱም የሚሠራው የሚያውቃቸው ሰው ባለበት አገር ብቻ ነው።

አንድ ቀን፣ አንድ ወረቀት

የመንግሥት ትምህርት ሲስፋፋ ይህን ችግር የሚፈታ ዘዴ መጣ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ፈተና! አባቶቻችንና እናቶቻችን «ማትሪክ» እያሉ በፍርሃትም በናፍቆትም የሚያነሡት ማለት ነው። ፍትሐዊ ጎኑ አይካድም። የባላባቱ ልጅም የጭሰኛው ልጅም አንድ ወረቀት ፊት ይቀመጣሉ። አራሚው ስም አያይም። ከአርሲ ገጠር ተነሥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለደረሰ ልጅ ማትሪክ ድልድይ ነበር።

ያኔም ቢሆን ፈተና ብቻውን እንደማይበቃ የገባቸው ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እየሄዱ እንዲያገለግሉ አደረገ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ይባል ነበር። ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ሄዱ። ዲግሪ ለማግኘት የገጠር ተማሪ ፊት መቆም ግድ ነበር። ሥራ የትምህርት ማስረጃ አካል ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የፈተናው ስም ተለዋወጠ። ሚያዝያ 1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአሥረኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎችን አመጣ፤ የአሥረኛው ኋላ ቀረ። አመሉ ግን አልተለወጠም። የልጁ ዕድል በጥቂት ቀናት ይወሰናል። ግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲወጣና አገር አቀፉ ፈተና ሲሰረዝ የታየው ይኸው ነው። በዚያ ዓመት ኦሮሚያ ውስጥ በነበረው ተቃውሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመው ነበር። ያልተማሩትን ትምህርት ሊፈተኑ የተጠሩ ልጆች ነበሩ። ሁሉን ነገር አንድ ወረቀት ላይ ከሰቀልነው፣ ወረቀቷ ስትሾልክ ሁሉም ነገር አብሮ ይሾልካል።

የጭላሎ ደብተር

አሁን ከትምህርት ቤት ግቢ ወጣ እንበል። አሰላ በአንድ ነገር ከብዙ ከተሞቻችን ትለያለች። ሥራን የመመዝገብ ባህል ያየች ከተማ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን አቋቋሙ። ሰው የሚያውቀው «ካዱ» በሚለው ስሙ ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሰጠ፣ የአርሲን ላም ከፈረንጅ ኮርማ ጋር አዳቀለ፣ ከአሰላ በስተ ሰሜን አዳማ መንገድ ላይ ባለችው ቁሉምሳ የዘርና የምርምር ሥራ ሠራ። ከ1968 ወዲህ ደግሞ አርዱ ተብሎ ወደ መላው አርሲ ሰፋ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ግን ስንዴው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ካዱ በአንድ በኩል ሥራ ሲሠራ በሌላ በኩል ሥራውን የሚገመግም ክፍል ነበረው። ጥናቶቹ ተራ ቁጥር እየተሰጣቸው በብዙ አሥሮች ታተሙ። ጥናቶቹ ድልን ብቻ አልጻፉም። ምርጥ ዘርና ትራክተር ሲመጣ መሬት ትርፋማ ሆነ፤ ባለመሬቱም ጭሰኛውን እያስነሣ ራሱ በትራክተር ማረስ ጀመረ። ድሀውን ገበሬ ለመርዳት የመጣው ድርጅት ድሀውን ገበሬ ለመፈናቀል ዳረገው። ይህን ታሪክ ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው ድርጅቱ ራሱ ስለመዘገበው ጭምር ነው።

እኛ የፖርትፎሊዮ ትርጉም ከዚህ የበለጠ ተብራርቶ አላየንም። ፖርትፎሊዮ የመልካም ሥራ ኤግዚቢሽን አይደለም። «ይህን አሰብኩ፣ ይህን ሞከርኩ፣ ይህ ተበላሸ፣ ስለዚህ ይህን ለወጥኩ» የሚል ደብተር ነው። የተበላሸው ገጽ ከተቀደደ የሚቀረው ማስታወቂያ ነው።

ፖርትፎሊዮ የሚባል ክላሴር

ቃሉ ራሱ በትምህርት ዓለማችን በሰፊው የተሰማው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1995 እና 1996 የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ እንደ አዲስ ተዋቀረ። እጩ መምህሩ ክፍል ውስጥ ገብቶ መለማመድ አለበት፣ ያየውንም መጻፍ አለበት ተባለ። አሠልጣኞቹም አልቀሩም። በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ መምህራንን ለሚያሠለጥኑ መምህራን «ኤች ዲ ፒ» የሚባለው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ተጀመረ። ቪ ኤስ ኦ ከሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት የመጡ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ረድተዋል። ሠልጣኙ ስለ ራሱ አስተማሪነት ያስባል፣ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ይሞክራል፣ የፈተና አወጣጡን ይመረምራል፣ ተግባራዊ ምርምር ይሠራል። ሁሉንም ፖርትፎሊዮው ውስጥ ያስገባል።

ቀጥሎ ተራው የትምህርት ቤት መምህራን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መመሪያ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽልና ይህንንም በፖርትፎሊዮ እንዲይዝ አዘዘ። እናትህ ወይም አባትሽ መምህር ከሆኑ ያንን ወፍራም ክላሴር ሳሎን ውስጥ አይታችሁታል።

ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ግን ምን ሆነ? መምህራንን ብትጠይቁ አብዛኞቹ ፈገግ ይላሉ። ክላሴሩ የሚሞላው ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል ነው። የአምናው ዕቅድ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ ይገባል። አንዱ የጻፈው ግምገማ በፍላሽ ዞሮ አሥር ሰው ስም ይሰፍርበታል። ለምን? ክላሴሩን የሚያነበው ሰው የለማ! የሚመጣው ሰው «አለ ወይስ የለም?» ብሎ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። በአርባና በሃምሳ ክፍለ ጊዜ መካከል የሚሮጥ መምህር፣ ማንም የማያነበውን ነገር ከልቡ ይጻፍ ማለት ግፍ ነው። ለማሰብ የተፈጠረው መሣሪያ ለማስፈራራት ዋለ።

ይህን ታሪክ ሳንረሳ ነው ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ ያለብን።

ኮምፒውተሩ ሲመጣ

በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ አልቬርኖ የሚባል የሴቶች ኮሌጅ አለ። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተማሪዎቹን በኤና በቢ ሳይሆን በሚችሉት ነገር የሚመዝን ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የተማሪዎቹን ሥራ ኢንተርኔት ላይ የሚያጠራቅም ዲጂታል ፖርትፎሊዮ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ኒውዚላንድ ውስጥ «ማሃራ» የተባለ ለማንም በነፃ የሚሰጥ ሶፍትዌር መሠራት ተጀመረ። ማሃራ በማኦሪ ቋንቋ «ማሰብ» ማለት ነው። ስሙን የመረጡት ሰዎች ነገሩ ስለ ፋይል እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ተማሪዋ ጽሑፍ፣ ፎቶ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ ታስገባለች። ከዚያ ውስጥ መርጣ ገጽ ትሠራለች። ይህን ገጽ መምህሬ ይየው፣ ያንን ቀጣሪዬ ይየው፣ ይሄኛው ለራሴ ይቅር ትላለች። መምህሩ አስተያየቱን እዚያው ይጽፋል። የመጀመሪያው ረቂቅም የመጨረሻውም ከነቀናቸው ይቀመጣሉ። የክላሴሩን ያህል ቦታ አይፈጅም፣ አይጥ አይበላውም፣ ቤት ሲቀየር አይጠፋም።

እኛ አገርስ? አርሲ ዩኒቨርሲቲ ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የአሰላዎቹ ትምህርት ክፍሎች በአዳማ ሥር ነበሩ። ገና በአምስተኛ ዓመቱ፣ መጋቢት 2012፣ ኮቪድ መጣና የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ተዘጉ። «በኦንላይን ተማሩ» ተባለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ደግሞ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለሳምንታትም አልተመለሰም። ትምህርቱን ኢንተርኔት ላይ ያደረገ ተማሪ ያኔ ምን ይዞ ይቅር? ይህን ሳያስብ ፖርትፎሊዮ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ አሸዋ ላይ ይገነባል።

ኮምፒውተሩ ግን ለሌላ ነገር መጣ። ለፈተና! ከ2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ይፈተናል። በ2016 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በከፊል ኮምፒውተር ላይ ሆነ። ብዙ ነገር የሚያስታውስ መሣሪያ አገኘንና ያንኑ የአንድ ቀን ወረቀት ሠራንበት።

የ89 ሺህዎቹ ጉዳይ

እስኪ ቁጥሩን እንየው። በ2015 የመጀመሪያውን የመውጫ ፈተና 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ። ያለፉት 61,054 ናቸው። 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። የቀሩት 89,130 ወጣቶች ናቸው። የአንድ ደህና ከተማ ሕዝብ ያህል ሰው! ደግመው የመፈተን ዕድል አላቸው፣ እስኪያልፉ ግን ዲግሪ የለም። በዚያው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ወደ ዘጠና ሰባቱ ማለት ነው የወደቀው።

ፈተናው ያለ ምክንያት አልመጣም። ዲግሪ እንደ ካርድ የሚሸጥባቸው ኮሌጆች እንደነበሩ፣ ፎርጅድ ማስረጃ በየመሥሪያ ቤቱ እንደተገኘ፣ በኩረጃ ያለፈ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ፈተና ይቅር አንልም። በማያውቅ ሐኪም መታከም የሚፈልግ የለም።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ያ ከመቶ ዘጠና ሰባት የሆነው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ምን ሲሠራ ነበር? አንዱ ሬዲዮ ይጠግናል። አንዷ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ለብቻዋ ትመራለች። አንዱ በአፋን ኦሮሞ ግሩም አድርጎ ይጽፋል፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ገጽ የላቸውም። «ወድቋል» የሚል ቃል ብቻ አላቸው። ፈተና የሚነግረን ያለፉትን ነው። ስለ ሌሎቹ ዝም ይላል፤ እኛ ደግሞ ዝምታውን «ምንም አያውቁም» ብለን እንተረጉመዋለን።

ያለፍነውም ብንሆን ብዙ አልተሻልንም። ጋዜጠኝነት የተመረቅን ልጆች ሥራ ስንጠይቅ የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው። «ምን ሠርተሻል? አሳዪን!» ጂፒኤአችንን የጠየቀን የለም። ያሳየነው ከጓደኛ ስልክ ላይ ለቃቅመን ያገኘነውን ነው። የዩኒቨርሲቲ የሬዲዮ ፕሮግራሞቻችን በቫይረስ የጠፉብን፣ የጻፍነው ሁሉ ከተበላሸ ላፕቶፕ ጋር የተቀበረብን ብዙ ነን።

«ፖርትፎሊዮስ አይገዛም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይገዛል! የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ሰዎች በየግቢው አጠገብ አሉ፤ አሁን ደግሞ ቻት ጂፒቲ ተጨምሯል። ግን ያለቀለትን ጽሑፍ መግዛት አንድ ነገር ነው። የሦስት ዓመት ረቂቅ፣ ከነስህተቱ፣ ከነመምህሩ አስተያየት፣ ከነቀኑ፣ ከነተማሪው ድምፅ መግዛት ግን ሌላ ነው። ደግሞም ባለቤቱን ጠርቶ «ይህን ገጽ አስረዳኝ» ማለት ይቻላል። የቅኔው መምህርም ያደርጉ የነበረው ይኸው ነው።

ከየት እንጀምር?

ከአሰላ ብንጀምርስ! ሦስት ነገር እዚያው አለ። መምህራን የሚያሠለጥን ኮሌጅ፣ የሕክምና ተማሪዎች የሚለማመዱበት ሆስፒታል፣ የቁሉምሳ የምርምር ማዕከል። እጩ መምህሩ ያስተማረውን አንድ ክፍለ ጊዜ በስልኩ ይቅዳና ምን እንደጎደለው ይናገር። የሕክምና ተማሪዋ በሎግ ቡክ የምትይዘውን ልምምድ ከነማስታወሻዋ ታኑር (የታካሚ ስምና ፊት ግን በፍጹም አይገባም፤ ይህ መጀመሪያ የሚጻፍ ሕግ ነው)። የእርሻ ተማሪው ያንኑ ማሳ ከዘር እስከ አጨዳ ይከታተል።

የክላሴሩን ታሪክ እንዳንደግም ደግሞ ጥቂት ነገር እናጥብቅ። አንደኛ፣ አንባቢ ይኑረው። መምህሩ በሴሚስተር ሦስት ገጽ በቅጡ ቢያነብ፣ ሦስት መቶ ገጽ ላይ ምልክት ከማድረግ ይሻላል። ለዚህ የሚሆን ጊዜም ከሥራው ሰዓት ይቆጠርለት። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሠራ ይሁን። ስልክ ላይ ይቀመጥ፣ መስመር ሲመጣ ይላክ። ሦስተኛ፣ ንብረትነቱ የተማሪው ይሁን። ከግቢ ሲወጣ ይዞት ይውጣ። አራተኛ፣ ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ፤ አፋን ኦሮሞም አማርኛም እንግሊዝኛም ይግቡ። አምስተኛ፣ ማስፈራሪያ አይሁን። የተበላሸ ሥራውን በሐቀኝነት ያሳየ ተማሪ በዚያ ምክንያት ነጥብ ከተቀነሰበት በሚቀጥለው ሴሚስተር ይዋሻል።

ይህ ሁሉ ለሰው ልጅ ሲባል ቅንጦት የሚመስለው ካለ ቁሉምሳ ሄዶ ይጠይቅ። አንድ የስንዴ ዝርያ ለገበሬ ከመለቀቁ በፊት በተለያየ ቦታ፣ ከአንድ ክረምት በላይ ይዘራል። ዋግ ሲመታው ምን ሆነ፣ ዝናብ ሲያጥር ምን ሆነ፣ ስንት ኩንታል ሰጠ፣ ሁሉም ይጻፋል። በአንድ ቀን ታይቶ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የሚባል ዝርያ የለም። የአርሲ ገበሬም እንዲህ ያለ ዘር አይቀበልም።

ለስንዴ ያደረግነውን ለልጆቻችን ማድረግ ያቅተናል?